«በሞቴ» ማለት ያላቆመው ኮምፒውተር

የልጅ ልጄ ዐረብ አገር ልትሄድ መቁረጧን የሰማሁት ከእሷ አፍ አይደለም። ከቤቴ ትይዩ ሱቅ ካለው ከሐጂ ነው የሰማሁት። እኔና ሐጂ የሆርማት ወንዝ ጎርፍ በወረደ ቁጥር አብረን ወደ ማሳ እየጠለፍን ያረጀን ሰዎች ነን፤ አንዳችን ከሌላችን የምንደብቀው ነገር የለም። የዚያን ቀን ግን ስኳሩን ሲሰፍርልኝ ቀና ብሎ አላየኝም።

«ለልጅቱ የዋጃው ደላላ እየደወለላት ነው» አለኝ። «እኔ ጋ ካርድ ልትገዛ መጥታ ስታወራው ሰማኋት። አትቆጣት፤ ግን እወቅ።»

ስኳሩን ሳልይዝ ወጣሁ። መንገዱን ተሻግሬ ደጄ ስደርስ ሱቅ ለምን እንደሄድኩ ጠፋኝ።

ይቺ ልጅ እኛ ዘንድ ነው ያደገችው። እናቷ ባል አግብታ ወደ ሮቢት ከተማ ስትሄድ እሷ የአያቷን ቀሚስ አለቅም ብላ ቀረች። ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ ኮምፒውተር ተማረች፣ ተመርቃ መጣች። ያን ጊዜ በግ ታረደ፤ ጎረቤት ሁሉ መረቀ። ከዚያ ወዲህ ሥራ የለም። ገበያ በወጣች ቁጥር ያገኛት ሁሉ «ገባሽ?» ይላታል፤ ሥራ ገባሽ ወይ ማለቱ ነው። መጀመሪያ መጀመሪያ «ገና ነኝ» ትል ነበር። ኋላ ገበያ መውጣቱንም ተወችው።

የዐረብ አገሩን መንገድ እዚህ የማያውቅ የለም። በአፋር በረሃ ወርዶ ባሕሩን በጀልባ መሻገር ነው። ከሰፈራችን አንዲት ልጅ በዚያው ሄዳ ድምጿ ጠፍቷል። እናቷ እስከ ዛሬ ስልክ ሲጮህ ከተቀመጠችበት ብድግ ትላለች። የማንም ስልክ ይሁን፣ ብድግ ትላለች።

ልጅቱን አስቀምጬ ጠየቅኋት። «ለምን?» አልኳት።

«ሥራ የለማ፣ አባባ። ይህን ሁሉ ተምሬ ቤት ተቀምጬ ምን ልሁን?»

መልስ ያጣ ሰው የሚያደርገውን አደረግሁ፤ «በሞቴ አትሂጂ» አልኳት። በማግሥቱ ውሃ ስታስታጥበኝ «በሞቴ» አልኳት። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በሩን ስትከፍትልኝ «በሞቴ» አልኳት። በእኛ አገር «በሞቴ ብላ» ያልተባለ እንግዳ እንደተባረረ ይቆጠራል፤ እኔም የምወደውን ሰው የምይዝበት ሌላ ገመድ አላውቅም። ክረምቱ አለፈ፣ ማሽላው ታጨደ፣ ተወቃ፤ እኔ ከዚያችው ቃል አልወረድኩም።

አንድ ቀን ፊቷ ትንሽ በርቶ መጣች። ወጣቶች በሚሰበሰቡበት ማዕከል ውስጥ አንድ ክፍል አለ። ከየት እንደመጡ የማላውቃቸው አሮጌ ኮምፒውተሮች በጨርቅ ተሸፍነው አቧራ ይጠጣሉ። እሷ ለጀማሪ ላስተምርባቸው ብላ ኃላፊውን ጠየቀችው። ኃላፊው ክፉ ልጅ አይደለም፤ ግን ችኩል ነው።

«ሰው ከመጣልሽ ክፍሉ ያንቺ ነው» አላት። «ካልመጣ ፑል አስገባበታለሁ። ወጣቱ ሌት ተቀን የሚጠይቀኝ ፑል ነው።»

ይህን ከነገረችን በኋላ ለእኔ ብቻ እንዲህ አለችኝ፤ «ይሄ ከሆነልኝ እቀራለሁ። ካልሆነ እሄዳለሁ። ከዚህ ወዲያ እንዳትለምነኝ፣ አባባ።»

«እሺ» አልኳት። ትንሽ ቆይቼ «በሞቴ ግን» አልኳት። ተነስታ ወጣች።

በሩ ላይ ወረቀት ለጠፈች፤ «የኮምፒውተር ቋንቋ ለጀማሪዎች። ዕድሜ አይገድብም» ይላል። ማንም አልመጣም። ልጆቹ ጓጉተው በመስኮት ያያሉ፤ ወላጆቹ ናቸው የከለከሏቸው። ወላጆቹ ሐጂ ሱቅ በር ላይ ቆመው ሲያወሩ በጆሮዬ ሰማሁ፤ «እሷን ያላበላት ትምህርት የእኔን ልጅ ሊያበላው ነው?» ይላሉ። ጨዋ ሰዎች ናቸው፤ ሲያዩኝ ወሬውን ለወጡት።

እኔ ተነስቼ ሄድኩ። ክፍሉ ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣ በጨርቅ አቧራ ትጠርግ ነበር።

«ምን ፈልገህ ነው፣ አባባ?»

«ልማር።»

«ለእኔ ብለህ አትድከም።»

«ዕድሜ አይገድብም ይላል» አልኳት። «አንብቤ ነው የመጣሁት።»

ማንበቡን የተማርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ቀን አርሼ ማታ እያንጎላጀሁ ነው። ከዚያ ወዲህ ዳዊትም ጋዜጣም አነባለሁ። ከዚያ የዘለለ ትምህርት ግን የለኝም። ልጅቱ ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ ስትስቅ አየኋት፤ እሷው ወንበር ሳበችልኝ።

በማግሥቱ ሐጂ ተከትሎኝ መጣ። «ለመማር አይደለም» አለ በሩ ላይ ቆሞ። «ይሄ ሰውዬ ሲዋረድ ሌላ ሰው ቀድሞኝ እንዳያየው ብዬ ነው።»

«ይግቡ ሐጂ» አለችው። «ለማየትም ወንበር ያስፈልግዎታል።»

የቋንቋው ስም ፓይተን ይባላል አለችን። ኮምፒውተሩን የምናዝበት ቋንቋ ነው፤ ከሌሎቹ ሁሉ ለጀማሪ ይቀላል። ሐጂ «ፓይተን ምን ማለት ነው?» ብሎ ጠየቃት። ትንሽ አመነታችና «በእንግሊዝኛ የዘንዶ ስም ነው» አለች። «ግን ስሙ የወጣው ከአንድ የቀልድ ትርኢት ነው፤ ከዘንዶ ጋር ነገር የለውም።»

እኔና ሐጂ ተያየን። ማታ ለባለቤቴ ስነግራት አማተበች። «በስተርጅና ከዘንዶ ጋር ልትነጋገር ነው የምትወጣው?» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ትምህርቱ ስሄድ ጠበል ሳትረጨኝ በሩን አታሳልፈኝም። ክፍል የምገባው ፊቴ እርጥብ ሆኖ ነው።

የመጀመሪያው ትእዛዝ ፕሪንት የሚባለው ነው። ፕሪንት ብለህ ትጽፍና በቅንፍና በጥቅስ ውስጥ እንዲታይ የፈለግኸውን ታስገባለህ። የፈረንጁን ፊደል ስለማላውቀው ትእዛዙን ከብት ላይ እንዳለ የመተኮሻ ምልክት በመልኩ ያዝኩት። በጥቅሱ ውስጥ ያለው ግን በእኛው ፊደል ይጻፋል፤ አንድ ቁልፍ ሲነካ ይቀየራል። «ሰላም» ብዬ ጻፍኩ። «አሁን ይሄን ተጫን» አለችኝ። ተጫንኩ።

«ሰላም» አለ።

እጄን እሳት እንደነካው ሰው ሰበሰብኩ። በፊደላችን፣ ከሥር፣ ብቻውን ወጥቶ «ሰላም» ብሎ ቆሟል። ሐጂ አንገቱን አሰገገ።

«መለሰልህ?»

«መለሰልኝ።»

«አጃኢብ ነው» አለ ሐጂ። «በል እግዜር ይመስገን በለው። ሰላም ያለህን ሰው አፍጥጠህ ማየት ነውር ነው።»

እውነቱን ነው። በእኛ ዘንድ ሰላምታ ባንድ ቃል አያልቅም፤ ከብቱ እንዴት ነው፣ ዝናቡ እንዴት ነው ተብሎ ነው ወደ ነገር የሚገባው። ስለዚህ ፕሪንቱንም ጥቅሱንም ትቼ እንደ ሰው «እግዜር ይመስገን፣ እንዴት ሰነበትክ» ብዬ ጻፍኩና ተጫንኩ። ቀይ ጽሑፍ ወጣ። በፈረንጅ አፍ የተጻፈ፣ ቁጣ የሚመስል።

ክው አልኩ። «አሁን ሰላም ያለኝ ራሱ ነው» አልኳት። «ምን አጠፋሁ?»

«ሰላም ያለህ እሱ አይደለም፣ አባባ» አለች፤ ሳቋን ይዛ። «እሱ በል ያልከውን ነው ያለው። ያላልከውን አይልም። ያልነገርከውንም አያውቅም።»

ለካ ሰላም ያልኩት ለራሴ ኖሯል። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ እንጀራውን ስበላ እሱን ነው የማስበው። እስከዚያ ዕድሜዬ ድረስ ያላልኩትን ጭምር የሚሰማ ሰው መካከል ነው የኖርኩት። ጎረቤቴ ሳሌን ሰምቶ ያውቀኛል። ባለቤቴ ጫማዬን ሳወልቅ ቀኔ እንዴት እንደዋለ ታውቃለች። ያልተባለ ነገር ጨርሶ የማይገባው ፍጡር መኖሩ አስደነገጠኝ፤ ፍጡር ከተባለ።

ቀስ እያልኩ ለመድኩት። ትእዛዙ ከላይ ወደ ታች በየመስመሩ ይወርዳል፤ ይህ ለእኔ አዲስ አይደለም፣ የጠለፍከው ጎርፍ ከላይኛው ማሳ ወደ ታችኛው እንደሚሄደው ነው። ኢንፑት የሚባለው ትእዛዝ ሰውን ጥያቄ ጠይቆ መልሱን ይይዛል። ዋይል የሚባለው ደግሞ «ይህ ነገር እውነት እስከሆነ ድረስ ይህን አድርግ» ማለት ነው። ከዋይል ሥር የሚታዘዘው መስመር ትንሽ ወደ ውስጥ ገብቶ ይጻፋል፤ ቦይ እንደ ማስገባት ነው። ሐጂ አጠገቤ ተቀምጦ «አይገባኝም» ይላል፤ እኔ ስሳሳት ግን መጀመሪያ የሚያየው እሱ ነው።

በትምህርቱ መሃል ስልኳ ይጮሃል። ቁጥሩን ታያለች፣ ትወጣለች። በመስኮት አያታለሁ፤ ስልኩን በጆሮዋ ይዛ መሬቱን በጫማዋ ጫፍ ትጭራለች። ደላላው ነው። ስትመለስ «የቱ ጋ ነበርን?» ትለናለች። እኔ ያኔ አፌ ላይ «በሞቴ» ይመጣል፤ ሐጂ ስላለ እውጠዋለሁ።

ኃላፊው ሁለት ሽማግሌ ተማሪ አይቶ አልረካም። «ወላጆችን ልጥራ» አላት። «ይምጡና ይዩት። ከወደዱት ልጆቻቸውን ያስመዝግቡ። ካልወደዱት እንግዲህ አትቀየሚኝ፣ የፑሉ ጠረጴዛ ተገዝቷል።»

የዚያን ማታ ሻንጣዋ ከአልጋ ሥር ወጥቶ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ አየሁት። ባለቤቴም አይታዋለች።

ለዚያ ቀን እሷ የራሷን ትርኢት አዘጋጅታለች፤ ሥዕል የሚሥል፣ ቁጥር የሚደምር። እኔ ደግሞ በልቤ ሌላ አሰብኩ። ሰው ሁሉ አንድ ሽማግሌ በገዛ እጁ የጻፈው ሲሠራ ቢያይ ልጁን አይከለክልም ብዬ። ምን ልጻፍ ብዬ ሳወጣ ሳወርድ የማውቀው ነገር መጣልኝ። ኮምፒውተሩን ባለቤት አደርገዋለሁ፤ እንግዳ ተቀባይ። ለእሷም ድንገት እንዲሆንባት ብዬ ምሳ ልትበላ በሄደችበት ሰዓት ጻፍኩት።

አጭር ናት። መጀመሪያ «ትንሽ ይጨመርልዎ?» ብሎ ይጠይቅና መልሱን ይይዛል። ከዚያ፣ መልሱ «በቃኝ» እስከሆነ ድረስ፣ «በሞቴ ይጨመር» ይላል። መጨረሻ ላይ «ይባርክልዎ» ብሎ ያበቃል። ወጋችን ይኸው ነው፤ እንግዳ በቃኝ ይላል፣ ባለቤት በሞቴ ይላል። ልሞክረው ብዬ እኔው እንግዳ ሆኜ «እሺ» ብዬ መለስኩ። «ይባርክልዎ» አለኝ። ደስ አለኝ። እዚያው ላይ ተውኩት።

በቀኑ ሰው መጣ። እናቶች፣ አባቶች፣ ከጎብዬ ድረስ ለሌላ ጉዳይ መጥቶ የገባ አንድ ገበሬ፣ ባለቤቴም ነጠላዋን ተከናንባ። ልጅቱ የራሷን አሳየች። ሰው ዝም ብሎ አየ። ሥዕሉ ሲሣል አንዱ አዛጋ፤ ኃላፊው ሰዓቱን አየ። እኔ ተነሳሁ።

«እኔም የጻፍኳት አለች» አልኩ።

ልጅቱ ቀና አለች። «ምን ጻፍክ?»

«ታያለሽ። ሐጂ፣ ና እንግዳ ሁን።»

ሐጂ ቆቡን አስተካክሎ ልክ ለድግስ እንደተጠራ ሰው ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። «ትንሽ ይጨመርልዎ?» የሚለው ወጣ። ሰው ተጠጋ፤ ፊደላችንን ሲያዩ ተነቃቁ። ሐጂ ደግሞ ጨዋ ሰው ነው። ጨዋ ሰው መጀመሪያ ሲጠየቅ ምን እንደሚል ይታወቃል። ባንድ ጣቱ ፊደሉን እየፈለገ «በቃኝ» ብሎ ጻፈና ተጫነ።

«በሞቴ ይጨመር» አለ ኮምፒውተሩ። ሰው ጮክ ብሎ አንብቦ ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ ከሥሩ ሌላ «በሞቴ ይጨመር» መጣ። ከሥሩ ሌላ። ከዚያማ የሚታይ አልሆነም፤ ሆርማት ደረቅ ውሎ በድንገት ደራሽ ሲመጣ እንደሚሆነው፣ የኮምፒውተሩ መስኮት ሁሉ በሞቴ በሞቴ በሞቴ ሆኖ ወደ ላይ ይሮጣል። ሳቁ ቆመ። ሐጂ ሁለት እጁን አነሳ።

«በቃኝ ብያለሁ እኮ» አለው ለኮምፒውተሩ። «አላህ ይስጥልኝ፣ ጠግቤያለሁ።»

የሚሰማው የለም። እኔ ደርቄ ቀረሁ። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የሚማለውም በእኔ ሞት ነው። አንዲት እናት ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። ከኋላ አንዱ «በስመ አብ» አለ። በሰው ሞት እንዲህ ሲማል ያየ ሰው በዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም፣ እኔም አላየሁም። ልጅቱ ከኃላፊው ጋር ከነበረችበት ጥግ ሰው እየገፋች ስትመጣ ባለቤቴ ቀደመቻት። ጎንበስ ብላ ገመዱን ከግድግዳው ነቀለችው። ኮምፒውተሩ ጠፋ።

«ሞቱን ጠራው እኮ» አለች፤ ገመዱን እንደ እባብ ጭራ ይዛ። «ይሄን ሁሉ ጊዜ ሞቱን ሲጠራ ሰው ቆሞ ያያል?»

«ይሄ ነው ትምህርቱ?» አለ ኃላፊው ለልጅቱ።

ፊቷ አመድ መሰለ። ግድግዳ የተደገፈው ሻንጣ ታየኝ። በገዛ እጄ ሸኘኋት አልኩ በልቤ። ሐጂ ተነስቶ ወንበሩን ለቀቀልኝ።

የጎብዬው ገበሬ ነው ቀድሞ የተናገረው። «ይቅርታ እህቴ» አለ። «ግን ለምን አላቆመም? ሰውየው በቃኝ ብሏል።»

ልጅቱ ወደ እሱ ዞረች። ለኃላፊው ልትመልስ የነበረውን ተወችው።

«አንዴ ነው የጠየቃቸው» አለች። «ሐጂ በቃኝ አሉ። ከዚያ ወዲያ መልሶ የጠየቃቸው የለም። በእጁ ያለችው ያቺ የመጀመሪያዋ መልስ ናት፤ እሷን ይዞ ይለምናል። ሐጂ ቢርባቸው፣ ቢጠግቡ፣ ተነስተው ቢሄዱ እንኳ አያውቅም። ሲለምን ይኖራል። ሞኝ ስለሆነ አይደለም፤ መልሰህ ጠይቅ ያለው የለም።»

«እሺ ቢጠይቅስ?» አለ ገበሬው። «መቼ ነው መተው ያለበት?»

«እሱን እናንተ ንገሩኝ» አለች። «እንግዳ ስንት ተለምኖ ነው የሚተወው?»

«ሦስቴ» አለ ገበሬው። «ከዚያ ካለፈ ግፍ ነው።»

«ሦስቴ?» አለች ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ የነበረችው እናት። «አንተ ቤት ተርቦ ነው የሚወጣው በለኛ።»

«እጁን ሲታጠብ ነው» አለ ሌላው።

«ታጥቦም ይጎርሳል። እኔ ታጥቦ የተነሳ ሰው በር ላይ አጉርሼ አውቃለሁ።»

«እኔ እናቴ ጋ ስሄድ» አለ ኃላፊው ሳይታወቀው፣ «ካልተቆጣሁ አይተዉኝም።»

«አንተማ ስትቆጣ ቅድም አይተንሃል» አለው ሐጂ። ሰው ሳቀ፤ ኃላፊውም ሳቀ።

ክርክሩ ጦፈ። ሁሉም የቤቱን ወግ ያወራል፤ ልጅቱ መሃል ቆማ «እሺ፣ ይህን እንዴት እንነግረዋለን?» ትላለች። ሰው የፕሮግራም ትምህርት ላይ መሆኑን ረስቷል። ባለቤቴ ገመዱን እንደያዘች ቆማ ነበር።

«ሲመርቅ ነው» አለች። «በቃኝ ማለት ወግ ነው። የጠገበ ሰው ይመርቃል። ከመረቀ በኋላ ብላ ማለት ምርቃቱን መመለስ ነው።»

የተከራከራት የለም። ልጅቱ እጇን ዘረጋችላት፤ ባለቤቴ እያመነታች ገመዱን ሰጠቻት።

«ተነስ አባባ» አለችኝ። «አንተ የጻፍከውን አንተ ነህ የምታስተካክለው።»

ተነሳሁ። ኮምፒውተሩ እስኪነሳ ጠበቅን። የጻፍኳት ጠፍታ ስለነበር እንደገና ጻፍኳት፤ አሁን ግን «በሞቴ ይጨመር» ከሚለው ሥር ወደ ውስጥ አስገብቼ ያቺኑ ጥያቄ ደገምኳት። ለምኖ ሲጨርስ መልሶ እንዲጠይቅ። የገባችው አንዲት መስመር ናት። ሐጂ እየፈራ ተቀመጠ። «በቃኝ» አለ። «በሞቴ ይጨመር» አለውና ቆሞ ጠየቀው፤ «ትንሽ ይጨመርልዎ?» ሐጂ ደግሞ «በቃኝ» አለ፤ ለመነው፣ ደግሞ ጠየቀው። ሐጂ ጣቱን አንስቶ ቆየና ቀስ ብሎ «አላህ ይስጥልኝ» ብሎ ጻፈ።

«ይባርክልዎ» አለና ቆመ።

ባለቤቴ ካላየሁ አላምንም አለች። ፊደል ስለማትቆጥር እሷ ስትናገር ልጅቱ ጻፈችላት። በእመቤታችን መረቀችው። ለእሷም ቆመ።

ከዚያ ሰው ተራ ያዘ። ጥቂቶቹ ልጆቻቸውን አስመዘገቡ፤ ጥቂቶቹ «እናስብበት» ብለው ወጡ። ኃላፊው ይሁንም አይሁንም አላለም። የክፍሉን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ትቶት ሄደ። ረስቶት ይሁን አስቦበት አላውቅም።

ሐጂና ባለቤቴ ቀድመውን ሄዱ። እኔና ልጅቱ ቁልፉን ይዘን ከኋላ ተከተልን። ፀሐይዋ ወደ ምዕራቡ ተራራ ዘንበል ብላለች፤ ከሜዳው ሙቀት እየተነሳ ነው። ሻንጣው ትዝ አለኝ። አፌን ከፈትኩ፤ ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። ያን ኮምፒውተሩ ላይ የሮጠውን ጎርፍ አሰብኩና ቃሉን ዋጥኩት።

«ዛሬስ ምን ትያለሽ?» አልኳት።

ቆመች። «ስለምኑ?»

«ስለ መሄዱ። ለምን እንደምትሄጂ አንዴ ነው የጠየቅኩሽ። አሁን ደግሞ ልጠይቅሽ ብዬ ነው።»

መሬቱን በጫማዋ ጫፍ ጫረች። ስትናገር ድምጿ ቀጭን ነበር።

«ያኔ ሥራ ነው ያልኩህ። ያኔ እውነቴን ነበር። ሥራ ማጣቱን ግን ኋላ ለመድኩት፤ ሰውም መጠየቁን ተወ። ያልለመድኩት የአንተን ነው፣ አባባ። ጧት ትነሳና በሞቴ ትለኛለህ። ቀኑን ሙሉ ሞትህን ተሸክሜ እውላለሁ። ማታ ደግሞ በሞቴ ትለኛለህ። ማሽላው ከተወቃ ወዲህ ለደላላው የማነሳለት ከዚያ ለመሸሽ ነው።»

የዚያን ቀን ብዙ ደንግጫለሁ። እንዲህ ግን አልደነገጥኩም። ይይዛታል ያልኩት ገመድ ይገፋት ኖሯል። መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። እሷም አጠገቤ ተቀመጠች።

«አሁን ደግሞ እንዳትታመም» አለች።

«አልታመምም።»

ስልኳ ጮኸ። ቁጥሩን አየች፤ እኔም አየሁት፣ ቁጥሩን ሳላውቀው አወቅኩት። ያን ጊዜ አታንሺ ለማለት እጄ ተነስቷል፤ ጉልበቴ ላይ መልሼ አስቀመጥኩት። አነሳችው። የደላላው ድምፅ ከስልኩ እየወጣ ይሰማኛል፤ ፈጣን ነው፣ ይለምናል፣ እህቴ ይላል፣ ዕድል አያምልጥሽ ይላል። እሷ «አይ፣ በቃኝ» አለችው። እሱ ቀጠለ። «በቃኝ» አለችው ደግማ። እሱ ደግሞ ቀጠለ። ያኔ ወደ እኔ አየች፤ ዓይኗ ውስጥ የሆነ ነገር ተነቃነቀ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ወንድሜ» አለችው። «መንገድህን ያቅናልህ፣ ቤትህን ይባርክልህ።»

ስልኩ ውስጥ ያለው ሰው ዝም አለ። ምን እንደሚል የጠፋው ሰው ዝምታ ነው። እሷ ስልኩን ዘጋችው።

ከዚያ በኋላ ጨርሶ አልደወለም ብል ውሸት ነው፤ ደውሏል። እሷ ግን አላነሳችለትም። ሻንጣው አልጋ ሥር ሲመለስ ያየችው ባለቤቴ ናት። ለእኔም አልነገረችኝም፤ ያን ቀን ልቧ አርፎ ጠበሉን ሳትረጨኝ በሩን ስታሳልፈኝ ነው ያወቅኩት።

እዚያ ድንጋይ ላይ ግን ገና ይህን ሁሉ አላውቅም። ስልኩ ተመልሶ ይጮሃል ብዬ ጆሮዬን አቁሜ እጠብቃለሁ። እሷ ቁልፉን በጣቷ እያዞረች ወደ ሐጂና ወደ ባለቤቴ ታያለች፤ እነሱ ሱቁ በር ላይ ደርሰው ስለ ምርቃቱ እየተከራከሩ ነው።

«ነገ ዋይልን እንደግመዋለን» አለችኝ እየተነሳች። «ሐጂ ገና አልገባቸውም።»